አውሮፕላኔ ወደ ግራ ለምን ይጎትት ነበር

ሶስት ሳምንት ሙሉ አንድ በሪሞት የሚበር ትንሽ አውሮፕላን ላይ ነው የከረምኩት። ከ5 ሚሊ ፎም ቦርድ ቆርጬ የሰራሁት፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 1 ሜትር፣ የክንፉ ስፋት 20 ሴንቲ፣ ከነባትሪው 650 ግራም የሚመዝን፣ ሞተሩ አፍንጫው ላይ ያለ ተራ አውሮፕላን ነው። ይነሳል፣ ይበራል፣ ግን አየር ላይ እያለ ለአንድ ሰከንድ እንኳን እጄን ከሪሞቱ ስቲክ ማንሳት አልችልም ነበር። ስሮትል፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት፣ ስጨምር አፍንጫውን ቀና አርጎ ወደ ግራ ይጎትታል፣ ስቀንስ ደግሞ አፍንጫው ይደፋና ወደ ቀኝ ይዞራል፣ እንዲህ ስታገለው ባትሪው ያልቃል በቃ።

መጀመሪያ ያረኩት ብዙዎቻችን የምናረገውን ነው፣ ትሪም፣ ማለትም ስቲኩ ሲለቀቅ መሪዎቹ የሚቆሙበትን ቦታ ከሪሞቱ ማስተካከል። ኤሌቬተሩን (ጭራው ላይ ሆኖ አፍንጫውን ቀና ደፋ የሚያረገውን) ትንሽ ወደታች፣ ኤሌሮኑን (ክንፉ ላይ ሆኖ ወደ ጎን የሚያዘነብለውን) ትንሽ ወደ ቀኝ። በግማሽ ስሮትል ቀጥ አለልኝና በጣም ደስ አለኝ፣ ከዛ ለማሳረፍ ሞተሩን ስዘጋው አፍንጫውን ደፍቶ ወደ ቀኝ ተጠመዘዘና በክንፉ ጫፍ መሬቱን መታው። ትሪም የሚሰራው ላስተካከላችሁበት ፍጥነት ነው። ኤሌቬተር ላይ አየሩ የሚያሳርፈው ኃይል ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፣ የፕሮፔለሩ ግፊት ግን ስሮትሉን ተከትሎ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ አንዱን ችግር በሌላው ስታጣፉት የሚገናኙት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ ከዛ ውጪ ይበታተናሉ።

ከዛ በኋላ ትሪሙን በሙሉ ዜሮ አረኩትና ሪሞቱን አስቀምጬ አውሮፕላኑን ጠረጴዛ ላይ አወጣሁት። አየር ላይ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ለማየት ወሰንኩ፣ ይሄን ነገር *መቼ* ነው የሚያረገው? ሞተር ሲበራ ነው ሲጠፋም? ሲፈጥን ነው ሲዘገይ? ወዲያው ነው ቀስ እያለ?

ሲጂውን ነው በቅድሚያ ያየሁት፣ ማለትም ሚዛኑ የሚቆምበትን ቦታ። ክንፉን ከስር በሁለት ጣት ስይዘው ሚዛኑ ከክንፉ የፊት ጠርዝ 4 ሴንቲ ላይ ነው የቆመው። ለእንዲህ አይነት ክንፍ ከስፋቱ ከ25 እስከ 33 በመቶ ያለው ቦታ ነው ጥሩ የሚባለው፣ በኔ ክንፍ ከ5 እስከ 6.6 ሴንቲ መሆኑ ነው። ጭራው ከከበደ አንዴ በሮ ይከሰከሳል ሲባል ስለሰማሁ ፈርቼ አፍንጫው ውስጥ 30 ግራም ክብደት ጨምሬ ነበር። አፍንጫው ሲከብድ ደግሞ ለመብረር ኤሌቬተሩ ቀና ማለት አለበት፣ ፍጥነት ሲጨምር ያ ቀና ያለ ኤሌቬተር ጉልበቱ ይበዛና አፍንጫውን ያነሳዋል፣ ሲዘገይ ጉልበት ያጣና አፍንጫው ይወድቃል። 30 ግራሙን አወጣሁ፣ ባትሪውን 3 ሴንቲ ወደኋላ ገፋሁት፣ 5.5 ላይ መጣልኝ። ክብደቱም ወደ 620 ወረደ፣ ይሄ ለማሳረፍ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

አሁንም ግን ስሮትል ስጨምር ቀና ይላል። ታናሽ ወንድሜ ከጎኔ ሆኖ በስልክ እየቀረፀ ነበርና ቪዲዮውን ቀስ አርገን ስናየው አፍንጫው የሚነሳው ስሮትሉን እንደሰጠሁት *ወዲያው* ነው፣ ገና ፍጥነት ሳያገኝ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የበራልኝ። ቀስ እያለ ከፍጥነቱ ጋር የሚመጣ ከሆነ ሲጂ ወይ ኤሌቬተር ነው፣ ወዲያው ከሆነ ሞተሩ የሚገፋበት አቅጣጫ ነው። እኔ ሞተሩን ፍፁም ቀጥ አርጌ ነበር ያሰርኩት። ከኋላ ሲታይ በሰዓት አቆጣጠር የሚዞር ፕሮፔለር አውሮፕላኑን ወደ ግራ ያዘነብለዋል፣ የሚወረውረው ንፋስም በሰውነቱ ላይ እየተጠመዘዘ ሄዶ ጭራውን ይገፋዋል፣ ስለዚህ ሞተሩ ራሱ 2 ወይም 3 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ ቀና ማለቱን ለመከላከል ደግሞ ወደታች እንዲያይ ይደረጋል። ብሎኖቹን ላላ አርጌ ከሞተሩ ማሰሪያ ጀርባ ከላይ በኩልና ከኋላ ሲታይ በግራ በኩል ሮንዴላ አስገባሁ። የላዩ አፍንጫውን ወደታች፣ የግራው ወደ ቀኝ ያዞረዋል። አንድ ሮንዴላ፣ አንድ በረራ፣ እንደገና አንድ ሮንዴላ፣ ሁለተኛው ላይ ስሮትሉን ከፍ ዝቅ ሳደርገው ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

እባካችሁ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትቀይሩ። ሶስት ቀን የጠፋብኝ በዚህ ነው፣ ሲጂና ሮንዴላ አንድ ላይ ቀይሬ የትኛው እንደረዳ የትኛው እንዳባሰ መለየት አቅቶኝ ሁለቱንም መልሼ እንደ አዲስ ጀመርኩ።

ሲጂውን ለማረጋገጥ ከፍ ብዬ ሞተሩን ዘግቼ በ45 ዲግሪ አካባቢ ወደታች አስጠለቅኩትና ስቲኩን ለቀቅኩት። ተንደርድሮ ቀና ካለ አፍንጫው ከብዷል፣ ይባስ ወደታች ከገባ ጭራው ከብዷል፣ የኔ በቀስታ ቀና አለ፣ ጥሩ። ግን ሲፈጥን ወደ ቀኝ ማዘንበል ጀመረ! ሞተር ዝግ ነው፣ ሲፈጥን ይብሳል፣ ስለዚህ ክንፉ ራሱ መሆን አለበት። ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ ሁለቱን ጫፎች በማስመሪያ ስለካ የቀኙ የኋላ ጠርዝ ከግራው 4 ሚሊ ከፍ ብሏል። 4 ሚሊ በ20 ሴንቲ ላይ ከ1 ዲግሪ ትንሽ የሚበልጥ ነው፣ በአይን አይታይም፣ ግን አየሩ ያየዋል። ስፓሩን፣ ማለትም ክንፉን በውስጡ የሚሸከመውን ምሰሶ፣ ሳጣብቅ የሰራሁበት ጣውላ ቆልማማ ነበር። ከስር በኩል ሙጫውን በከተር ከፍቼ፣ ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ ጭኜበት እንደገና አጣበቅኩት። በነገራችን ላይ የክንፍ መጠምዘዝ ሲፈጥን ነው የሚታየው፣ አንዱ ክንፍ ከከበደ ግን ይበልጥ የሚሰማችሁ ሲዘገይ ነው፣ እሱን ለማየት አውሮፕላኑን በፕሮፔለሩ ዘንግና በጭራው አንጠልጥሉት፣ ከባዱ ወገን ራሱ ይወርዳል።

ሌላው ያደከመኝ ወደ ቀኝ ዞሬ ስመለስ አንድ ትሪም፣ ወደ ግራ ዞሬ ስመለስ ሌላ ትሪም መፈለጉ ነው። ይሄ የሚመጣው ከላላ ነገር ነው። ኤሌሮኑን በጣቴ ሳንቀሳቅሰው ሰርቮው (በሽቦ የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) ሳይነቃነቅ ወደ 3 ሚሊ ይጫወታል፣ ሽቦው የገባበት ቀዳዳ ሰፍቷል። ቀጠን ባለ መርፌ አዲስ ቀዳዳ በሳሁ፣ ሽቦውን ሰርቮው ላይ ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ፣ ኤሌሮኑ ላይ ወደ ውጭኛው አዞርኩት፣ እንቅስቃሴው ያንሳል ግን ላላነቱም አብሮ ያንሳል። የኤሌቬተሩ ረጅም ሽቦ ደግሞ ሲገፋ ስለሚታጠፍ መሃሉ ላይ ቁራጭ ስትሮ አጣብቄ በውስጡ አሳለፍኩት።

ትናንት ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ወጣን። ግማሽ ስሮትል፣ ትሪሙ ዜሮ አካባቢ፣ ስቲኩን ለቀቅኩት፣ ወንድሜ እስከ አስራ አንድ ቆጠረ። የቀረው አንድ ነገር ሳሳርፈው በጣም ሲዘገይ የግራው ክንፍ ድንገት መውደቁ ነው፣ ጫፉ ከመሃሉ ቀድሞ የሚያነሳውን ኃይል እያጣ ነው። ሁለቱንም ኤሌሮን 2 ሚሊ ወደላይ አንስቼ ሞከርኩት፣ ጫፎቹ ትንሽ ወደታች እንዳዩ ይቆጠራል፣ ሁለት ጊዜ ሳርፍ አልወደቀም፣ ሶስተኛው ላይ ነፋሱ ተነሳና ወደ ቤት ገባን።