የአባዬ ጆሮ

አባዬ ዘንድሮ 86 ዓመት ሞላው። ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ ወርጄ አምስት ቀን አብሬው ሰነበትኩ። ከተመለስኩ ወዲህ ልጽፍ በተቀመጥኩ ቁጥር የሚመጣብኝ እሱ ብቻ ነው።

ሜካኒካል ኢንጂነር ነው። "ነበር" ማለት አልችልም። ጡረታ ከወጣ 31 ዓመት ሆኖት እንኳ ጠዋት ፊቱን ታጥቦ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ግቢው የውሃ ፓምፕ ነው። በ1956 ዓ.ም. ከአምስት ኪሎ ተመርቆ በዓመቱ ምድር ባቡር ተቀጠረ። ከደብረ ብርሃን ሲወጣ ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብሎ ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ልብስ የምትሰፋ አንዲት ልጅ አየና በዚያው ቀረ። እማዬን ማለቴ ነው። አምስት ልጆች ወለዱ።

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ደረሰ፣ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። የድሮው መንገድ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣ ነበር። ሞተሩ ሲወጣ ይለፋ ነበር፣ ፍሬኑ ሲወርድ ይለፋ ነበር። ስለዚህ ትልቁ የድሬዳዋ ወርክሾፕ ያኔ ሥራ ፈትቶ አያውቅም ነበር። መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ማን ይጠብቅ ነበር? የሚቀልጠው እዚያው ይቀልጥ ነበር፣ የቀረው ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ይወጣ ነበር። አባዬ ፈረንሳይኛ የለመደው ክፍል ውስጥ ሳይሆን ከቶርኖ ሠራተኞቹ ጋር ነው። እስከ ዛሬ ድረስ የድሮ ሠራተኞች መንገድ ላይ ሲያገኙት በፈረንሳይኛው "ሙሴ"፣ አቶ እንደማለት፣ ነው የሚሉት።

ስምንት ዓመቴ አካባቢ አንድ ቀን ረጅም ካቻቪቴ ሰጠኝ። ጫፉን ፓምፑ ላይ አስደገፈ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረገና "ዓይንሽን ጨፍኚ" አለኝ። ከብረቱ ውስጥ ድምፅ መጣ። ኩሽኔታ የሚሽከረከረውን ብረት የሚይዝ፣ ውስጡ ኳሶች ያሉት ቀለበት ነው። ጤነኛ ኩሽኔታ ድምፁ ወጥ ነው አለኝ፣ እንደ ንብ። ውስጡ መላጥ ሲጀምር ግን አሸዋ የሚታኘክ ይመስላል። እኔ የሰማሁት አሸዋውን ነበር። በማግስቱ ፈታው፣ ኳሶቹን አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። አንዷ ጎኗ ተልጦ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ጥር ላይ አዋሽ አጠገብ ባቡር ተገልብጦ ከ400 በላይ ሰው ሲሞት አባዬ ወደዚያ ከሄዱት አንዱ ነበር። በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ እማዬም ምንም ሳትጠይቀው ጎኑ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ አብረነው ባቡር ስንሳፈር ሰዓቱን አውጥቶ ጎማው የሐዲዱን መጋጠሚያ ሲመታ የሚያሰማውን ድምፅ ይቆጥር ነበር። ፍጥነቱን እያሰላ እንደነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ልጆቹን ይዞ ነበር እኮ የሚጓዘው።

እኛ ተበታትነናል። ታላቅ ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው። አንዴ መኪናው እንግዳ ድምፅ ሲያወጣበት ደወለና ስልኩን ሞተሩ ላይ አስጠጋ። አባዬ ትንሽ ሰማና "የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ ነው፣ ዛሬ እንዳትነዳት" አለው። ጋራዡም ያንኑ ነው ያገኘው። ወንድሜ ለጓደኞቹ ሁሉ ያወራዋል፣ እኔም ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራዋለሁ።

አሁን ግን አይሰማም። ስልክ ላይ ማውራት ከተወ ሁለት ዓመት ሆነው። ሠላሳ ዓመት የመዶሻና የሞተር ጩኸት ውስጥ ሲውል ጆሮ መሸፈኛ የሚባል ነገር አላየም። እማዬ ልትጠራው ስትፈልግ ሄዳ ትከሻውን ትነካዋለች። የእሷን ሲንጀር ግን አሁንም በየእሁዱ ዘይት ይቀባላታል። ዓይኗ ደክሞ መስፋት ካቆመች ቆይታለች፤ እሱ ግን አንድም እሁድ አላለፈውም።

ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ ፓምፑ አሸዋ ማኘክ ጀመረ። ድምፁን እንዳልሰማ አውቃለሁ። ሮጬ ካቻቪቴውን አመጣሁና አዳመጥኩ፣ ከዚያ ወረቀት ላይ "በቀኝ በኩል ያለው ኩሽኔታ" ብዬ ጽፌ አሳየሁት። አነበበው። ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና መዳፉን ፓምፑ ላይ አሳረፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

"በግራ ነው" አለኝ።

ፈታነው። በግራ ነበር።