መይሳው ካሳን ግራኝ ያደረግሁበት ሸራ

ጎንደር ውስጥ የነገሥታት ሥዕል ገዢ አያጣም። ፒያሳ አካባቢ ካለችው ጠባብ ሱቄ የሚገባ ደንበኛ «የአፄ ምኒልክ ሥዕል አለህ?» እንኳ አይልም፤ «አባ ዳኘው አለ?» ነው የሚለው። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ ናቸው። ንጉሥ በፈረሱ ስም በሚጠራበት አገር የፈረሰኛን ሥዕል ማበላሸት ምን እንደሆነ የገባኝ ግን ከከሰርሁ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ስልኬ ላይ ያገኘሁትን ምስል 60 በ90 ሴንቲ ሜትር ሸራ ላይ አሳተምሁ። የምስሉ ወርድ 1,200 ፒክስል ነበር፤ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲለጠጥ ለአንድ ኢንች 51 ፒክስል ገደማ ብቻ ይደርሰዋል። ለሳሎን የሚሆን ሕትመት ቢያንስ 150 ይፈልጋል። የንጉሡ ፊት የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ መሰለ። ከዚያ በኤአይ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ማሣል ሞከርሁ። ጥራቱ ግሩም፤ ፈረሰኛው ግን ቡት ጫማ አድርጎ እግሩን እስከ ተረከዙ እርካብ ውስጥ ከቶታል። የዱሮ ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ነበር የሚጋልብ፤ እርካቡ ውስጥ የሚገባው አውራ ጣቱ ነው። ይህን ያስተዋለውም የፍሬም ቤቱ ልጅ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሥሉ ወደኖሩ አንድ መሪጌታ ሄድሁ። አፄ ቴዎድሮስንና እቴጌ ጣይቱን በፈረስ ላይ ሊሥሉልኝ ተስማማን፤ የማባዛቱንም ነገር በጽሑፍ ተፈራረምን። በቅጂ መብት አዋጁ፣ በቁጥር 410/1996፣ ማባዛት የሥራው ባለቤት መብት ነው። ሥዕሉን ስለገዛሁ ብቻ እንደልቤ ላትመው አልችልም።

ሥዕሉ በጥንቱ ወግ ተሠርቶ መጣ፦ ወዳጅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ጠላት በጎኑ በአንድ ዓይን፤ ከፈረሱ ኮቴ ሥር የወደቁ ሦስት ወታደሮች። ፎቶውን ጠዋት ደጅ ላይ፣ ጥላ ውስጥ አነሣሁት፤ የቤት መብራት ነጩን ሸማ ቢጫ ያደርገዋል። ቀለሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። ስክሪን ላይ እሳት የሚመስለው ቀይ ካባ ሸራ ላይ ሸክላ መሰለ፣ ወርቁ ስናፍጭ። ማተሚያው የወርቅ ቀለም የለውም፤ ያሉትን አደባልቆ ነው የሚያስመስለው። አሁን ሙሉውን ከማሳተሜ በፊት ስንዝር የምታህል ቁራጭ አሳትሜ በቀን ብርሃን አያታለሁ።

«የሞተ ሰው ሳሎኔ ውስጥ ልሰቅል?» አሉኝ አንዲት እናት፣ «በቅርቡ ያየነው አይበቃም?» መልስ አልነበረኝም። ከታች ቆርጬ ወታደሮቹን አወጣሁ። መሪጌታው አይተው «ጠላት የሌለው ፈረሰኛማ ሙሽራ ነው» አሉ። የተሸጠው ግን ሙሽራው ነው።

ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱም ፈረሶች ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ ንጉሡና እቴጌይቱ ግድግዳ ላይ ፊት ለፊት እንዲተያዩ ፈለግሁ። በፎቶሾፕ አንድ ጊዜ ጠቅ አድርጌ አፄ ቴዎድሮስን ገለበጥኋቸውና 20 አሳተምሁ። መሪጌታው የጻፉትን ስም ቀድሜ አጥፍቼ በኮምፒውተር ጽፌው ስለነበር ፊደሉ ተገልብጦ አላስጠነቀቀኝም።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት መነጽራቸውን አውጥተው ሸራውን ከላይ እስከ ታች መረመሩት። ጦሩ በግራ እጅ፣ ጋሻው በቀኝ። የአገሩ ሰው በቀኝ ጎኑ የሚታጠቀው ጎራዴ በግራ ተንጠልጥሏል።

«የኔ ልጅ» አሉ፣ «መይሳው ካሳን ግራኝ አደረግኸውሳ!»

ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁና የቀሩትን ቆጠርሁ፤ 9 ተሸጠው 11 ቀርተዋል። ለገዙት ሁሉ ደውዬ በትክክለኛው ልቀይርላችሁ አልሁ። አንዱ ግን «ጎረቤቴ ጋ የሌለ ነው» ብሎ እምቢ አለኝ። አሁን ጥንድ ሲያስፈልገኝ አንዱ ፈረሰኛ ከመጀመሪያው ወደ ሌላው ዞሮ እንዲሣል ለመሪጌታው እከፍላለሁ። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ጋሻና ጦሩ በየእጃቸው ይውላሉ።

ከተረፉት አንዱን ከኮምፒውተሬ በላይ ሰቅዬዋለሁ። መሪጌታው ሱቅ ሲመጡ ወንበሩን አዙረው፣ ለእሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው ቡናቸውን የሚጠጡት።