ሚጣ ባንክ ልትገባ ነው

ወሬውን የለቀቀችው እማዬ ናት። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤቶች ቡና ላይ ተሰብስበው፣ ሁለተኛውን እየቀዳች «ሚጣ እኮ ባንክ ልትገባ ነው» አለች።

«እሰይ! እልልል!» አሉ ከታች ፎቅ ያሉት እትዬ። «መቼ ተመረቀች?»

«ገና ስምንተኛ ክፍል ናት።»

እትዬ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ስምንተኛ ክፍልን ባንክ ይቀጥራል እንዴ? በዘመድ ነው?»

እኔ ሳቄን ለመደበቅ ፈንዲሻ ላመጣ ብዬ ተነሳሁ። እማዬ ግን አልዋሸችም። የእህቴ ልጅ ሚጣ ልትገባበት የምትፈልገው ንግድ ባንክ ነው። የሴቶች እግር ኳስ ክለቡ። ባለፈው ሳምንት የታዳጊዎች ፕሮጀክቱ አሠልጣኟ «ከበረታሽ ባንክ ትደርሻለሽ» አለቻት። ቤት ስትደርስ «ልደርስ ነው» ሆነ። እማዬ ጆሮ ሲገባ ደግሞ «ልትገባ ነው» ሆነ።

የኛ ሰፈር ኮዬ ፈጬ ነው። ከብሎካችን ጀርባ ለምን እንደተተወ የማይታወቅ ባዶ ቦታ አለ። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነው። ጎሉ አራት ድንጋይ ነው። ሚጣ እዚያ ለመጫወት ወንዶቹን ለአንድ ዓመት ያህል ለመነች። መጨረሻ ላይ በረኛ ሲጎድላቸው አስገቧት። ያኔ አንዷን ኳስ በፊቷ መልሳ አፍንጫዋ ደማ። ከዚያ ወዲህ የሚያባርራት የለም። ታኬታዋን ከሳልቫጅ ነው የገዛሁላት፤ በአንድ ቁጥር ይሰፋታል፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ትጠቀጥቃለች።

ስለ ራሴ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። እኔም ጨርቅ ኳስ እጫወት ነበር። አባዬ አንድ ቀን ከሜዳ በጆሮዬ ጎትቶ ወሰደኝ፣ አለቀ። ነፍሱን ይማረው፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ግን «ኳስ ተጫውታ ምን ትሆናለች?» ሲል፣ ቤት ውስጥ መልስ ያለው ሰው አልነበረም። እኔም አልነበረኝም።

ለሚጣ መልሱን ያሳየኋት ነሐሴ 2016 ላይ ነው። የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የሴቶች ክለቦች ማጣሪያ አዲስ አበባ ተዘጋጅቶ ነበር። ፍጻሜው ላይ ንግድ ባንክ ከኬንያው ፖሊስ ቡሌትስ ጋር ደረሰ። ጃንጥላ፣ ቆሎና ሚጣን ይዤ ወደ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ሄድኩ። ከኮዬ እስከዚያ መንገዱ ራሱ አንድ ጨዋታ ነው። ሰልፉ፣ ታክሲው፣ እንደገና ሰልፉ።

ያን ቀን የፈራሁት ሽንፈት ነበር። ክለቡ አገር ውስጥ ዋንጫ ደጋግሞ የበላ ነው። ውጭ ሲወጣ ግን መጨረሻዋ በር ላይ ይቆም ነበር። በ2013 ማብቂያ ናይሮቢ ላይ በቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በ2015 ደግሞ ኡጋንዳ ላይ በታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ በመለያ ምት። ሁለቱም ፍጻሜ ላይ። ሦስተኛ ጊዜ ልጅቷን ይዤ ሄጄ፣ ስታለቅስ ይዣት ብመለስስ?

1 ለ 0 አሸነፉ። የአሠልጣኝ ብርሃኑ ግዛው ልጆች የኢትዮጵያን ክለብ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአፍሪካ የሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ አበቁ። እኔ እየጮህኩ ነበር። ሚጣ ግን ዝም ብላ በረኛዋን ታያለች። ጓንቷን ስታወልቅ እንኳ ዓይኗን አልነቀለችም። ታክሲ ውስጥ «አክስቴ፣ ደሞዝ አላቸው?» አለችኝ። «አዎ፣ ሥራቸው ነው» አልኳት። እስከ ኮዬ ድረስ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ሞሮኮ ላይ ግን ከባድ ሆነ። ምድቡ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ ማሳርና የናይጄሪያው ኤዶ ኩዊንስ ያሉበት ነበር። በኤዶ 3 ለ 0 ተሸንፈው ጀመሩ፣ ከምድብም ሳያልፉ ተመለሱ። ዋንጫውን በኋላ ከሌላኛው ምድብ የመጣው የኮንጎው ማዜምቤ ወሰደ። በስልኬ፣ በሚቆራረጥ ኔትወርክ፣ ሁለታችን ተደፍተን ነበር ያየነው። ሚጣ አላለቀሰችም። «ናይጄሪያዎቹ ረጃጅም ናቸው፣ እኔም ልረዝም ይገባል» ብላ በማግስቱ ወተት ጠየቀች። ወተት ደግሞ ዋጋው!

አንድ ነገር ግን ያስጨንቀኛል። በፊት የሴቶቹን ሊግ የሚገዛው ደደቢት የሚባል ክለብ ነበር። አጥቂዋ ሎዛ አበራም በጎል የጎረፈችው እዚያ ሆና ነው። ዛሬ ስለ ደደቢት ስነግራት ሚጣ «ማነው እሱ?» አለችኝ። የሴቶቹ ኳስ በአንድ መሥሪያ ቤት ኪስ ላይ ሲንጠለጠል እንዲህ ነው። ኪሱ ሲጨበጥ ልጆቹ የት ይሄዳሉ? ለወንዶቹ ቢያንስ ደጋፊ አለ፣ ጩኸት አለ። ለሴቶቹ ማን ይጮኻል? ይህን ለሚጣ አልነገርኳትም። አባዬን እመስላለሁ ብዬ ፈራሁ።

ደግሞ እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። የ20/80 ቤታችንን ዕዳ ወር በገባ ቁጥር ለዚሁ ንግድ ባንክ ነው የምከፍለው። ከወለዱ ላይ አንዲት ሳንቲም እንኳ ለአንዷ ልጅ ታኬታ ብትሄድ፣ እኔም ትንሽ ባለድርሻ ነኝ ማለት ነው። ሂሳቡ እንዲህ እንደማይሠራ አውቃለሁ። ግን ደስ ይለኛል።

እማዬ ለእትዬ ነገሩን አብራራችላቸው። ኳስ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው ትንሽ ወደቀ። አቦሉንና ቶናውን ጠጥተው፣ በረካውን ጀምረው፣ ድንገት ቀና አሉ።

«ቆይ፣ ደሞዟን የሚከፍለው ባንኩ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያውስ ያው ባንክ ገባች ነው» አሉ። «ስለ ቤት ዕዳዬ አንድ ቃል ትናገርልኛለች።»

ሚጣ ይኼ ሁሉ ሲባል የለችም። ከጀርባ ናት፣ ድምጿ ይሰማል። «ግራ! ግራ! ያዘው!» ትላለች። ሊመሽ ነው፣ ልጠራት ይገባል። ትንሽ ልተዋት።