ሜቲሊን ብሉ በቤንቶናይት ላይ የሚለጠፍበትን ፍጥነት የለካሁበት መንገድ

ጥናቱን ስጀምር ጥያቄዬ አንድ ግራም ቤንቶናይት (የሸክላ አፈር ዓይነት) ሜቲሊን ብሉ ከተባለው ሰማያዊ ቀለም ምን ያህል ይይዛል የሚል ነበር። ሜቲሊን ብሉ በውሃ ሲሟሟ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው አዮን ይሆናል፤ የቤንቶናይት ዋና ማዕድን የሆነው ሞንትሞሪሎናይት ደግሞ በንጣፎቹ ውስጥ አሉሚኒየም በከፊል በማግኒዥየም ስለተተካ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይሸከማል። በመሆኑም ቀለሙ በንጣፎቹ መካከል ያለውን ሶዲየም ወይም ካልሲየም አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል። ይህ መጠን በየመጽሐፉ ስለሚገኝ ትኩረቴን ወደ ፍጥነቱ አዞርኩ።

ከአንድ ዕቃ ደጋግሞ ናሙና መቅዳት የአፈሩንና የውሃውን ምጣኔ ስለሚያዛባ፣ ለእያንዳንዱ የጊዜ ነጥብ የተለየ ብልቃጥ አዘጋጀሁ። የማጣሪያ ወረቀት ራሱ ሜቲሊን ብሉን ስለሚይዝ አፈሩን በሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ አፈሩን ከውሃው በሚለይ መሣሪያ) ለየሁ። ሴንትሪፊውጁ በሚሽከረከርበት ጊዜም መለጠፉ ስለማይቆም፣ «አንደኛ ደቂቃ» ተብሎ የሚመዘገበው ነጥብ በእርግጥ የአንድ ደቂቃ አይደለም፤ ብዙ ሠንጠረዦች ይህን ሳይጠቅሱ ያልፋሉ። በውሃው ውስጥ የቀረውን ቀለም 664 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው ብርሃን ስለካ፣ ቀለሙ ብርሃን በማይመጥጥበት በ800 ናኖሜትርም አነበብኩ፤ እዚያ የሚታይ ንባብ ደቃቅ አፈር በውሃው ውስጥ መቅረቱን ያሳብቃል። በአፈሩ ላይ የተደራረቡ የቀለም ሞለኪውሎች ከ664 ናኖሜትር ባጠረ የሞገድ ርዝመት ብርሃን ስለሚመጥጡ (ጭቃው ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላው ለዚህ ነው) የቀረ ደቃቅ አፈር ልኬቱን በሁለት በኩል ያበላሻል።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ የስሌቱ ክፍል ነው። የተለመደው ዘዴ ጊዜን ለተለጠፈው መጠን አካፍሎ ውጤቱን ከጊዜ ጋር በግራፍ ማስቀመጥ ሲሆን፣ መጠኑ አንዴ ከረጋ በኋላ ግራፉ በስሌቱ ባሕርይ ብቻ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ስለዚህ ከ0.99 የሚበልጥ የተስማሚነት ዋጋ (ነጥቦቹ ከመስመሩ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥሙ የሚያሳይ ቁጥር) ስለ ሂደቱ እምብዛም አይነግረንም፤ ከዚያ ተነስቶ «ኬሚካላዊ ትስስር ተፈጥሯል» ማለትም አዮን በአዮን በሚተካበት ሥርዓት ውስጥ የማይደገፍ ድምዳሜ ነው። እኔ ነጥቦቼን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ አብዝቼ፣ የፍጥነቱን ቀመር በቀጥታ ከተለጠፈው መጠን ጋር አገናዘብኩ፤ የመንቀጥቀጫውን ፍጥነትም ለወጥኩ፣ ምክንያቱም ውጤቱ ከእርሱ ጋር ከተለወጠ የተለካው ቀለሙ በውሃ ውስጥ ወደ አፈሩ የሚደርስበት ፍጥነት ነው።

ይህ ሁሉ ግን ፖዘቲቭ ቻርጅ ላላቸው ቀለሞች ብቻ ይሠራል። ለጥጥ በብዛት የሚውሉት ሪአክቲቭ ቀለሞች ኔጋቲቭ ስለሆኑ ያልታከመ ቤንቶናይት ይገፋቸዋል፤ ለእነርሱ አፈሩን አስቀድሞ ፖዘቲቭ ቻርጅ ባለው ሰርፋክታንት (የሳሙና ዓይነት ባሕርይ ባለው ውህድ) ማከም ያስፈልጋል።