አዲስ ሥሪት ሲወጣ ድረ ገጹ በራሱ እንዲናገር

ለጎንደር ባለሱቆች የሠራሁትን የዕቃና የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም ባደስሁ ቁጥር ማስታወቂያውን በድረ ገጹ ላይ የምጽፈው በእጄ ነበር። ኮዱን ሰቅዬ ስጨርስ ግን ብዙ ጊዜ መብራት ይጠፋል ወይም ሌሊቱ ይገፋል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ታድሶ ሳለ ገጹ የቀድሞውን ሥሪት እንዳሳየ ይሰነብታል። አንድ የአዘዞ ባለሱቅ «ልጄ፣ ያስተካከልኸው ነገር ካለ ለምን አትነግረንም?» ብለው ከጠየቁኝ በኋላ ማስታወቂያው ከሥሪቱ ጋር አብሮ እንዲወጣ ለማድረግ ቆረጥሁ።

አሁን የሥሪቱን ቁጥር የያዘ ታግ (በኮዱ ላይ የሚደረግ ምልክት) ጊት በተባለው የኮድ ለውጥ መከታተያ በምልክበት ጊዜ፣ ጊትሃብ የተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ሥራዎችን በራሱ የሚያከናውንበት ጊትሃብ አክሽንስ ሥራውን ይጀምራል፤ ፕሮግራሙን ገንብቶ ይፈትሻል፣ በየሥሪቱ የተለወጠውን ከምጽፍበት የለውጥ መዝገብ የዚያን ሥሪት ክፍል ያወጣል፣ ድረ ገጹንም ሁጎ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ገንብቶ ያትማል። ይህ ሁሉ የሚከናወነው ሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ ስለሆነ ታጉ ከተላከ በኋላ እኔ ዘንድ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቋረጥም።

መጀመሪያ ሥራውን በሁለት ወርክፍሎው (በራሳቸው በሚሄዱ የሥራ ቅደም ተከተሎች) ከፍዬው ነበር፤ አንዱ ሥሪቱን ያወጣል፣ ሌላው የሥሪቱን መውጣት ጠብቆ ማስታወቂያውን ያትማል። ሁለተኛው አንድም ቀን አልተነሣም። ጊትሃብ ለወርክፍሎው በሚሰጠው ቶክን (የፈቃድ ቁልፍ) የተፈጠረ ሥሪት ሌላ ወርክፍሎው አይቀሰቅስም፤ ይህም ሥራዎች እርስ በርሳቸው ያለማቋረጥ እንዳይጠራሩ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ሁለቱን አንድ ሳደርጋቸው ነገሩ ተቃና።

ይበልጥ ያደከመኝ የሰዓቱ ጉዳይ ነው። የማስታወቂያውን ቀን የሚሞላው አጭር ፕሮግራሜ (ስክሪፕቴ) የእኛን ሰዓት ይጽፋል፣ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት እንደሚቀድም የሚያመለክተውን +03:00 ግን አይጨምርም ነበር። ስለዚህ ሁጎ ሰዓቱን እንደ ዓለም አቀፉ ወስዶ ጽሑፉን ገና 3 ሰዓት የሚቀረው አድርጎ ይቆጥረዋል፤ የወደፊት ቀን ያለውን ጽሑፍ ደግሞ ካልታዘዘ በቀር አያትምም፣ ስህተት ብሎም አያስጠነቅቅም። ሥራው በሰላም መጠናቀቁን እያነበብሁ ማስታወቂያውን ከገጹ ላይ አጣው ነበር። ዛሬ በፋይሉ ውስጥ ያለው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ከነሰዓት ልዩነቱ ይጻፋል፤ ለአንባቢ የሚታየው ግን በእኛው አቆጣጠር ነው።

ማሽኑ ቃላቱን እንዲጽፍ ግን አልፈቀድሁለትም። ማስታወቂያን ከኮሚት መልእክቶች (ኮዱ በተለወጠ ቁጥር ከሚጻፉ አጫጭር ማስታወሻዎች) መልቀም ቀላል ነው፤ ነገር ግን «ባዶ እሴት የሚያስከትለው ስህተት ታረመ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለባለሱቅ ምን ይነግረዋል? «ዋጋው ያልተሞላ ዕቃ ካለ የቀኑ ሽያጭ አይደመርም ነበር፤ አሁን ይደመራል» ሲባል ግን ያለፈውን ሳምንት ደብተሩን ገልጦ ያመሳክራል። ስለዚህ በለውጥ መዝገቡ ውስጥ ለሥሪቱ የተጻፈ ክፍል ከሌለ ሥራው እዚያው ይቆማል፤ የመጀመሪያው ቁጥር ሲቀየር፣ ለምሳሌ ከ2.4.1 ወደ 3.0.0 ሲኬድ፣ ተጠቃሚው አስቀድሞ መረጃውን እንዴት ቀድቶ እንደሚያስቀምጥ የሚገልጽ አንቀጽም ይጠይቀኛል።

የሙከራ ሥሪቶች በድረ ገጹ ላይ አይታወጁም። እነሱን ለመሞከር ፈቃደኛ ለሆኑት ሁለት የፒያሳ ባለሱቆች ዛሬም በስልክ እየደወልሁ እነግራቸዋለሁ።