አስራ አንዱን የቶኒ ሞሪሰን ልቦለዶች እንዴት አነበብኩ፣ አንዱን እንዴት አበላሸሁት

አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ እስካሁን እቆጫለሁ። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ እሠራ ነበር፤ የሌሊት ፈረቃ፣ ገንዘብ ተቀባይ። ቀን ሜሪላንድ ኮሌጅ እማራለሁ። ልጄ ያኔ ሁለት ዓመት አልሞላትም፣ እናቴ ነበረች የምትይዝልኝ። ለእንግሊዝኛ ትምህርት የአንድ አሜሪካዊ ደራሲ ሕይወትና ሥራ ላይ ጽሑፍ አቅርቡ ተባልን። እኔ ቶኒ ሞሪሰንን መረጥኩ። የመረጥኳትም ሠፈሬ ስለሆነች ነው። ፓርኪንጉ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ብዙም አይርቅም፤ እሷ ደግሞ የተማረችውም ያስተማረችውም እዚያ ነው። ዛሬ እኛ ክትፎ የምንበላባቸው ዩ ስትሪትና ናይንዝ ስትሪት፣ ከግቢው በእግር የሚደረስባቸው ናቸው።

ሕይወቷን መጻፉ አላስቸገረኝም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) በ1931 ሎሬን በምትባል የኦሃዮ የብረት ፋብሪካ ከተማ ተወለደች። ቤተሰቦቿ ያወጡላት ስም ክሎይ ነው። ቶኒ የመጣው ካቶሊክ ስትሆን ካገኘችው የክርስትና ስም፣ ከአንቶኒ ነው። ሞሪሰን የባሏ ስም ነው። በ1949 ሃዋርድ ገባች፣ በ1953 ተመረቀች፣ ኮርኔል ሁለተኛ ዲግሪዋን ሠራች፣ ከ1957 እስከ 1964 ተመልሳ ሃዋርድ አስተማረች። ከባሏ ተለያይታ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ራንደም ሃውስ በሚባል አሳታሚ ድርጅት አርታኢ ሆነች። ልጆቹ ሳይነቁ፣ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳች ትጽፍ ነበር። የመጀመሪያው ልቦለዷ በ1970 ሲወጣ 39 ዓመቷ ነው። በ1993 ኖቤል ተሸለመች፤ በሥነ ጽሑፍ ኖቤል ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። በ2019 በ88 ዓመቷ አረፈች።

ይህን ሁሉ በሁለት ሌሊት ጨረስኩ። የተበላሸው ሥራዎቿ ላይ ስደርስ ነው።

ኮሌጁ ለተማሪዎች የጽሑፍ እገዛ የሚሰጥ ቢሮ ነበረው። ሄድኩ። የተመደበልኝ ሰው ገና ስሜን ሳይጨርስ «እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋሽ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እንግዲያው መጀመሪያ ማጠቃለያውን አንብቢ። ታሪኩን ካወቅሽው መጽሐፉ ይቀልሻል።» ምክሩ የእሱ ብቻ አልነበረም፣ የቢሮውም ነው። ግድግዳው ላይ ታትሞ ተለጥፏል። ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር ብዬ ስጠይቀው «የፑሊትዘር ሽልማት ካገኘው» አለኝ። ያ ማለት በ1987 የወጣው፣ ከባርነት ስላመለጠች እናት የሚተርከው «ቢላቭድ» ነው።

የዚያኑ ዕለት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጠባቧ የፓርኪንግ ገንዘብ መቀበያ ቤት ውስጥ ተቀምጬ፣ ማጠቃለያውን በስልኬ አነበብኩ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። በሁለት ማስታወቂያዎች መካከል አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነበረች። ሴቴ የምትባለው እናት የገዛ ልጇን ገደለች ትላለች። «እሺ» ብዬ ወደ ታች ወረድኩ።

ቀጥሎ መጽሐፉን ከመዝገበ ቃላት ጋር ያዝኩት። የማላውቀው ቃል ላይ ሁሉ አማርኛውን በእርሳስ ጻፍኩበት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው የተጋጨነው። 124 ቁጥር ቤት ቂመኛ ነበር ይላል። ቤት እንዴት ቂም ይይዛል? ቃሉን ሦስት ቦታ ፈለግኩት። እንግሊዝኛዬ ነው የጎደለው ብዬ ደመደምኩ። በሦስት ሳምንት ስልሳ ገጽ እንኳን አልሞላሁም። ሰው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሞተ፣ ጊዜው የቱ እንደሆነ አይገባኝም። ግራ በገባኝ ቁጥር ወደ ማጠቃለያው እሮጣለሁ።

ያኔ ያላወቅኩትን አሁን ልንገራችሁ። ግራ መጋባቱ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ሞሪሰን ራሷ ለመጽሐፉ በጻፈችው መግቢያ፣ አንባቢው ታፍኖ ወደማያውቀው ቦታ እንደተወረወረ ሰው እንዲሆን እንደፈለገች ትናገራለች። በመጽሐፉ ያሉት ሰዎች ያለ ዝግጅት፣ ያለ መከላከያ ከቦታ ቦታ ተነጥቀዋልና። እኔ ደግሞ ደለስ አየር ማረፊያ አንድ ሻንጣ ይዤ የወረድኩ ሰው ነኝ። ምልክቱን እያነበቡ ምንም አለመረዳት ምን እንደሆነ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ በላይ አውቀዋለሁ። ለዚያ መጽሐፍ ከእኔ የተሻለ ዝግጁ አንባቢ አልነበረም። ቢሮው ግን ዝግጁነቴን እንደ ጉድለት ቆጠረው፣ እኔም አመንኩት።

ስለ ዋናው ጉዳት ልናገር። ሕፃኗ አንገቷ ተቆርጦ እንደሞተች ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ጀምሮ ፍንጭ አለ። ማን እንደቆረጠው ግን አይነገርም። አንባቢው ከሴቴ ጋር ቤት ውስጥ ይኖራል፣ ዳቦ ስትጋግር ያያል፣ ጀርባዋ ላይ በጅራፍ የወጣውን ዛፍ የመሰለ ጠባሳ ያያል፣ ከኬንታኪ እርጉዝ ሆና ስታመልጥ አብሯት ይሄዳል፣ ነፃ የሆነችባቸውን 28 ቀኖች አብሯት ይቆጥራል። ይወዳታል። ከዚያ ግማሹ ላይ አራት ፈረሰኞች ይመጣሉ። የሆነውንም መጀመሪያ የምናየው በእሷ ዓይን ሳይሆን ሊወስዷት በመጡት ሰዎች ዓይን ነው፤ ንብረት እንደተበላሸበት ሰው ሲያሰሉ። በሚቀጥለው ምዕራፍ ስታምፕ ፔይድ የሚባለው ሽማግሌ ለወዳጇ ለፖል ዲ የድሮ ጋዜጣ ቁራጭ ያሳየዋል። ፖል ዲ ማንበብ አይችልም፣ ሥዕሉን ብቻ ያያል። ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ የእሷ አፍ አይደለም። ከዚያ ሴቴ ራሷ ትናገራለች፣ ቤቱን እየዞረች፣ እየዞረች፣ ነገሩ መሀል መግባት እያቃታት።

እኔ እዚያ ምዕራፍ ስደርስ ምን አደረግኩ? በእርሳስ ምልክት አደረግኩበት። «ማጠቃለያው ያለው ይሄ ነው» ብዬ ገጹን ገለበጥኩ። ምንም አልተሰማኝም። ቤት ውስጥ በዚያች ሕፃን ዕድሜ ያለች ልጅ እያለችኝ ምንም አልተሰማኝም። ፖል ዲ «አፏ አይደለም» ሲል ለምን እንደዚያ እንደሚል አልገባኝም፤ እኔ አፏ እንደሆነ ከጀመርኩ ጀምሮ አውቃለሁና። አብሬው እምቢ ማለት የምችልበት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ያ ጊዜ አለፈ፣ አይመለስም።

ጽሑፉን አስረከብኩ። ኤ አገኘሁ። ግርጌው ላይ «በጥልቀት አንብበሻል» ተብሎ ተጽፎበታል። ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ወድቄ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው የሆነ ነገር እንደጎደለ አየ ማለት ነበር።

በክረምቱ ትምህርት ስለሌለ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ በወጡበት ቅደም ተከተል፣ ያለ ማጠቃለያ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ። «ዘ ብሉዌስት አይ» ገና ሲጀምር ፔኮላ የምትባለው ልጅ ከገዛ አባቷ እንደምታረግዝ ይነግረናል፤ ምንም አይደብቅም። «ጃዝ» የመጀመሪያው ገጽ ላይ ባል ወጣት ፍቅረኛውን እንደገደለ፣ ሚስትም ቀብር ላይ የሬሳውን ፊት ልትቆርጥ እንደሄደች ይናገራል። «ፓራዳይዝ» ነጯን ልጅ መጀመሪያ ተኮሱባት ብሎ ይከፈትና ከሴቶቹ ነጯ የትኛዋ እንደሆነች እስከ መጨረሻው አይነግረንም። ይህች ሴት ምን መቼ እንደምትነግረን ጠንቅቃ ታውቃለች። መንገር ስትፈልግ በመጀመሪያው ገጽ ትነግራለች። «ቢላቭድ» ላይ ያቆየችው ማቆየት ስላለባት ነው። ታሪኩማ ድሮም ምስጢር አልነበረም። ማርጋሬት ጋርነር የምትባል እናት በጥር 1856 በረዶ የሆነውን የኦሃዮ ወንዝ ተሻግራ ሲንሲናቲ ስትያዝ፣ ልጇን ወደ ባርነት ከመመለስ ብላ ገድላታለች፤ ጋዜጦች ጽፈውታል። ሞሪሰንም ያገኘችው በ1974 የወጣውን፣ የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ የሚሰበስበውን «ዘ ብላክ ቡክ» ስታዘጋጅ ነው። ወሬው የጋዜጣ ነው። የእሷ ሥራ ያ ወሬ አንባቢው ጋ የሚደርስበትን ሰዓት መወሰን ነው። ማጠቃለያ የሚሰርቀው ያንን ሰዓት ነው።

የቀሩትን ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ። «ታር ቤቢ»ን ብዙም አልወደድኩትም። «ላቭ» ብዙ ሰው የሚያልፈው ነው፣ አትለፉት። «ሶንግ ኦፍ ሶሎሞን» ላይ ግን ቆሜ ቀረሁ። እዚያ ውስጥ ሜከን ዴድ የሚባል ሰው አለ፤ ዴድ ማለት ሙት ማለት ነው። ስሙ እንዴት መጣ? ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ከባርነት ነፃ የወጡትን የሚመዘግብ ሰካራም ጸሐፊ የት ተወለድክ ሲለው ሜከን አለ፣ አባትህ ማን ነው ሲለው ሞቷል አለ። ጸሐፊው ሁሉንም በተሳሳተ ቦታ ሞላው። በዚያው ተጠሩ፣ ልጅ ልጁ ድረስ። እኔም እዚህ አገር ስገባ ቅጹ ላይ የአባቴ ስም የቤተሰብ ስም ሆነ፣ የአያቴ ስም የትም ቦታ አጣ። ዛሬ ክሊኒክ ሲጠሩኝ በአባቴ ስም ነው የሚጠሩኝ። ያንን ገጽ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

እንግዲህ ምክሬ ይሄ ነው፤ ከቢሮው ምክር ጋር ይጋጫል። በ«ቢላቭድ» አትጀምሩ። በ«ሱላ» ጀምሩ፤ ከ200 ገጽ አይበልጥም፣ የሁለት ሴቶች ጓደኝነት ነው። የኋላ ሽፋኑን አታንብቡ። መግቢያውን ደራሲዋ ራሷ ብትጽፈውም የመጨረሻውን ገጽ ከጨረሳችሁ በኋላ አንብቡት። መዝገበ ቃላቱን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። የማታውቁትን ቃል ዝለሉት፤ የሚያስፈልግ ከሆነ ተመልሶ ይመጣል። ቤቱ ቂመኛ ነው ካለች ቂመኛ ነው። (በነገራችን ላይ ሴቴ አራት ልጆች ነበሯት፣ የሞተችው ሦስተኛዋ ናት። የቤቱን ቁጥር እንደገና እዩት፤ ሦስት የለበትም።) ከሁሉም በላይ ድምፅዋን ስሙ። ብዙዎቹን መጽሐፎቿን ራሷ አንብባ ቀድታቸዋለች፣ በቤተ መጻሕፍት ካርድ በስልክ በነፃ ይገኛሉ። ቀስ ብላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የምታነብበው። እኔ በዓይኔ ያልገባኝ ስንት ገጽ በጆሮዬ ገብቶኛል።

አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ጋሼ ነበሩ፣ አገር ቤት አስተማሪ የነበሩ። «ምንድነው ሁልጊዜ የምታነቢው?» አሉኝ አንድ ሌሊት። መኪና ሲቀንስ ልተርክላቸው ጀመርኩ፣ በአማርኛ፣ ልክ መጽሐፉ በሄደበት ቅደም ተከተል። ፍንጩን እንደ ፍንጭ፣ ዝምታውን እንደ ዝምታ። ሁለት ሳምንት ገደማ ፈጀን። ሻይ በፔርሙዝ ይዘው ይመጡ ነበር። ሴቴን «ይቺ ልጅ» ነበር የሚሏት። «ይቺ ልጅ ዛሬ ምን ሆነች?»

ፈረሰኞቹ የመጡበት ሌሊት ተናግሬ ስጨርስ ቀና ብለው አዩኝ።

«አይ፣ አይሆንም» አሉ። «ተሳስተሽ ነው ያነበብሽው ልጄ። እሷ አይደለችም።»

«እሷ ናት ጋሼ።»

«እንግሊዝኛው ነው ያሳተሽ። ነገ መጽሐፉን ይዘሽልኝ ነይ።»

በማግስቱ ይዤላቸው መጣሁ። መነጽራቸውን አድርገው ከመብራቱ ሥር ቆመው አነበቡት። ጨርሰው እንደገና ከላይ ጀመሩ። መኪና መጥቶ ጡሩንባ ነፋ። አልሰሙም። ወጥቼ በሩን እኔ ከፈትኩለት።