ስምንት ኖብና አንድ ነጭ ቀሚስ

ጥር በገባ ቁጥር እጄን ያመኛል። ብርድ አይደለም፤ ባሕር ዳር ምን ብርድ አለና። ሰርግ ነው። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ጾም እስኪገባ ድረስ ሙሽራ ሁሉ ጣና ዳር ይወርዳል፣ እኔም ካሜራዬን አንግቼ እከተላለሁ፣ ማታ ደግሞ ከጊዮርጊስ ጀርባ ባለችው ክፍሌ ተቀምጬ ያነሳሁትን ኤዲት አደርጋለሁ። ማንሳቱ አያደክመኝም። የሚያደክመኝ ማውዙ ነው። ስላይደር (ስክሪኑ ላይ ግራና ቀኝ እየተጎተተ ብርሃንና ቀለም የሚያስተካክል መስመር) ያዝ፣ ጎትት፣ ልቀቅ። ቀጣዩን ያዝ፣ ጎትት፣ ልቀቅ። ለአንድ ሰርግ 600 ፎቶ ብመርጥና በእያንዳንዱ ላይ አምስት ስላይደር ብነካ 3,000 ጊዜ መጎተት ማለት ነው። አስቡት።

ባለፈው ዓመት ቀኝ እጄ አንጓው ላይ አብጦ የሻይ ብርጭቆ ማንሳት አቃተኝ። ለአንድ ሳምንት በግራ እጄ ስሠራ ከረምኩ፤ አንድ ሰዓት የሚፈጀው ሦስት ሰዓት ሆነ። ሌላ መላ መፈለግ የጀመርኩት ያኔ ነው።

መላው የተገኘው ካልጠበቅኩት ሰው ቤት ነው። የዘፈን ቢት የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። ጠረጴዛው ላይ አቧራ የለበሰች፣ ከኪቦርድ ያነሰች ጥቁር ነገር አየሁ። ስምንት ኖብ አላት፤ እንደ ድሮ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ የሚዞሩ። ከሥራቸው 16 በተን፣ ከዳር ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፋ አንድ ፌደር። የቤሪንገር ኤክስ ተች ሚኒ ነች። ትልቅ ሲገዛ ጥሏት ኖሯል። “ሽጥልኝ” አልኩት።

“ይሄ እኮ ለሙዚቃ ነው። በፎቶ ልትዘፍኚ ነው?”

እየሳቀ ሸጠልኝ። ዋጋው ከአንድ ሰርግ ቅድመ ክፍያ አይበልጥም።

አሁን ነገሩን ላስረዳ። ይህች መሣሪያ የምትጠቀምበት ሚዲ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው። ኖቡን ስታዞሩት ድምፅ አያወጣም። ቁጥር ነው የሚልከው፤ ከ0 እስከ 127። ቁጥሩን ተቀብሎ ከበሮ ማድረጉም፣ ብርሃን ማድረጉም የሶፍትዌሩ ፈንታ ነው። ላይትሩም ክላሲክ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር በራሱ ሚዲ አይገባውም፤ ሚዲቱኤልአር የሚባል ነፃ ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) መሃል ገብቶ ይተረጉምለታል። እኔ ግን የምሠራው ዳርክቴብል በሚባል ሌላ የፎቶ ማስተካከያ ነው። ነፃ ነው፣ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ ክፈይ አይለኝም። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ከወጣው ቨርዥን 3.8 ወዲህ የሚዲ መሣሪያም የጌም ጆይስቲክም ያለ ምንም አስተርጓሚ ይቀበላል።

ማገናኘቱ ቀላል ነው። ከላይ ካሉት ምልክቶች መሃል የኪቦርድ ምስል ያላትን ትጫናላችሁ። ማውዙን የምትፈልጉት ስላይደር ላይ ታሳርፋላችሁ። ከዚያ ኖቡን ታዞራላችሁ። ተጋቡ ማለት ነው። ምልክቷን መልሳችሁ ስትጫኑ አለቀ። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ማታ ስሞሽር አመሸሁ። የትኛው ኖብ የማን እንደሆነ እንዳይጠፋኝ ነጭ የቁስል ፕላስተር በቀጭኑ ቆርጬ ከየኖቡ ሥር ለጠፍኩና በእስክሪብቶ ጻፍኩበት። ኤክስፖዠር፣ ኮንትራስት፣ ቴምፐሬቸር፣ ቲንት። በሳምንቱ የእጄ ላብ ጽሑፉን አጠፋው። ያኔ ግን ጣቴ መንገዱን ለምዶት ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን ስለ አንድ ፎቶ ነው።

ቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። እንደምታውቁት በዚያ ሰዓት ባይነሳ ጥሩ ነበር፣ ግን ለሙሽራ ይሄን ማን ይነግራል፤ ሚዜዎቹ ተርበዋል፣ መኪናው በሰዓት ነው የተከራየው። ሙሽራዋ ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ሐይቁ ዳር ቆማለች። ፀሐይ ከላይ፣ ውኃው ደግሞ ከታች ያንፀባርቃል። ቀሚሱ እንደ አምፖል በርቷል፣ ፊቷ ግን ዛፍ ጥላ ውስጥ ነው። ይህ ፎቶ የእኛ አገር ሰርግ አንሺ ሁሉ የሚያውቀው ፈተና ነው። ፊቷ እንዲወጣ ጨለማውን ስታነሱት ቀሚሱ ይጠፋል። ጥልፉ እንዲታይ ነጩን ስታወርዱት ፊቷ ይከሰላል። ራው ፋይሉ (ካሜራው ሳይቀንስ ያስቀመጠው ጥሬ ፎቶ) ውስጥ፣ ሲነሳ ጨርሶ ካልተቃጠለ በቀር፣ ሁለቱም አሉ። ችግሩ ማውዝ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ነው የሚይዘው። አንዱን አስተካክላችሁ ሌላው ጋ ስትደርሱ የመጀመሪያው ልክ መሆኑ ይቀራል፣ ተመልሳችሁ ሄዳችሁ፣ እንደገና ተመልሳችሁ፣ እንዲህ ስትሉ ዓይናችሁ ራሱ ይደነዝዝና ልኩ የቱ እንደነበር ይጠፋችኋል።

ያን ማታ ግራ እጄን የነጩ ኖብ ላይ፣ ቀኝ እጄን የጥላው ኖብ ላይ አደረግኩ። ግራውን ወደኋላ፣ ቀኙን ወደፊት። እኩል። የወንፊት ውኃ እንደሚወርድ ቀስ እያለ ፊቷ ወጣ፣ በዚያው ቅጽበት የቀሚሱ ጥበብ ተራ በተራ ብቅ አለ፤ መጀመሪያ መስቀሉ፣ ከዚያ ከጫፉ ያለው ቀጭን መስመር። አሥር ሰከንድ አልፈጀም። ዓይኔን ከፎቶው ላይ አላነሳሁም። ማውዝ ስይዝ ግማሹን ጊዜ የማየው ስላይደሩን እንጂ ፎቶውን እንዳልነበር ያኔ ገባኝ። ሰው “ያፈጥናል?” ብሎ ይጠይቀኛል። ያፈጥናል፣ ግን ያን ያህል አይደለም። ጥቅሙ ዓይን ሥራው ላይ መቅረቱ ነው፣ ሁለት እጅም አብሮ መሥራቱ።

ይህን የምሠራበት የዳርክቴብል ክፍል (ሞጁል) ቶን ኢኳላይዘር ይባላል። ፎቶውን ከድቅድቅ ጥላ እስከ ነጭ ድረስ በዘጠኝ እርከን ይከፍለዋል፣ ከ-8 እስከ 0፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ስላይደር። የእኔዋ ስምንት ኖብ ነው ያላት። ዘጠነኛው ቤት አጥቶ ቀረ። መጨረሻ ላይ ያለውን ድቅድቅ ጨለማ ተውኩት፤ ሰርግ ላይ ማን ጨለማ ያያል። ሌሎቹን ስላይደሮች ደግሞ በሁለተኛው ሌየር አስቀመጥኳቸው፤ በተኗን ስትጫኑ ያው ስምንት ኖብ ሌላ ሥራ ይይዛል። በኖቦቹ ዙሪያ ያሉት ትንንሽ መብራቶችም ስላይደሩ የት እንዳለ ያሳያሉ። ማታ መብራት ጠፍቶ በላፕቶፑ ባትሪ ስሠራ (ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ስለምትሠራ ግድ የላትም) ክፍሉ ውስጥ የሚበሩት እነሱና ስክሪኑ ብቻ ናቸው። ደስ ይላል።

ልትገዙ ካሰባችሁ አንድ ነገር እዩ። ኖብ ሁለት ዓይነት ነው። ዞሮ ዞሮ የማያቆም አለ፣ እንደ ሬዲዮ ቁልፍ ጀምሮ የሚያቆም አለ። ለፎቶ የማያቆመውን ውሰዱ። የሚያቆመው፣ ፌደሩም እንደዚያው፣ የት እንደቆመ ይዞ ይቀራል። ቀጣዩን ፎቶ ስትከፍቱ ስክሪኑ ላይ ያለው ስላይደር ዜሮ ነው፣ እጃችሁ ሥር ያለው ግን 90 ላይ ቆሟል። ስትነኩት ፎቶው ዘሎ ይነጣል። እኔ ፌደሯን ኤክስፖዠር ላይ አድርጌ አንድ ሙሉ ማታ ስደነግጥ አመሸሁ። አሁን ለምንም አልጠቀምባትም፣ የጆሮ ማዳመጫዬን ነው የምሰቅልባት።

ላፕቶፓችሁ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ታገሱ። የእኔ አሮጌ ነው። እጄ ቀድሞ ይሄዳል፣ ፎቶው ከኋላ ያዘግማል። አልደረሰም ብላችሁ ስትጨምሩበት ከመጠን ያልፋል፣ ከዚያ መመለስ ነው። ቀስ ብላችሁ አዙሩ።

ጆይስቲክም ሞክሬያለሁ። ታናሽ ወንድሜ ፕሌይስቴሽን ቤት የተጣለ አንድ አምጥቶልኝ “እትዬ፣ ይሄም ይሠራል ብለሽ የለ” አለኝ። ሠራ። ግን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ኳስ ሲጫወትበት የኖረ ስለሆነ ዱላው መሃል ላይ አይቆምም። እጄ ሳይነካው ፎቶው ለብቻው እየጨለመ ይሄዳል። ወንድሜ “ጂኒ ገባበት” እያለ ሲስቅ ነቀልኩት።

ስክሪኑ ላይ ለመሳል የሚያገለግለው ብዕር ግን ሌላ ነው። ኖብ ለጠቅላላው ፎቶ ነው፤ ሙሽራዋ ሣር ላይ ቆማ ቀሚሷ ከታች አረንጓዴ ሲል፣ ያንን ብቻ ለማጥራት ኖብ አይበቃም። ማስክ፣ ማለትም ማስተካከያው የሚነካውን ቦታ ብቻ የሚለይ ክልል፣ መሳል አለባችሁ፣ በማውዝ መሳል ደግሞ በሳሙና ቁራጭ እንደመጻፍ ነው። ከላፕቶፑ ጋር ተገናኝታ በብዕር የሚሳልባት ትንሽ የዋኮም ሰሌዳ አለችኝ። ብዕሯ ባትሪ የላትም፣ ኃይል የምታገኘው ከሰሌዳው ነው። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት አስለቅሳኛለች። ማውዝ አንስታችሁ ሌላ ቦታ ብታስቀምጡት ቀስቱ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ብዕር ግን የሰሌዳው እያንዳንዱ ነጥብ የስክሪኑ አንድ ነጥብ ስለሆነ፣ የትም ብታሳርፉት ቀስቱ እዚያ ዘሎ ይደርሳል። ክብ ስስል ደግሞ እንቁላል ይወጣልኛል። እጄ ነው ብዬ ነበር። ለካ የሰሌዳው ቁመትና ወርድ ከስክሪኑ ጋር አይመጣጠንም። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ የሚሠራውን ቦታ በስክሪኑ ልክ ስቆርጠው ክቡ ክብ ሆነ።

ሌላም አለ። ዳርክቴብል ውስጥ በብሩሽ ማስክ ስትስሉ የእጅ ግፊት ምን እንዲቆጣጠር እንደምትፈልጉ፣ ስፋቱን ነው ወይስ ጥንካሬውን፣ ራሳችሁ መምረጥ አለባችሁ። እኔ ይህን ሳላውቅ ለስንት ጊዜ “ግፊት ይሰማል ያሉት ውሸት ነው” እያልኩ ስማረር ነበር።

አሁን ግራ እጄ ኖቡ ላይ፣ ቀኝ እጄ ብዕሩ ላይ ነው። ማውዙ መሳቢያ ውስጥ ገብቷል። አንጓዬ ዘንድሮ አላበጠም። ሰርጉ ስለቀነሰ ይሁን አላውቅም፣ ግን አላበጠም።

የዚያች ሙሽራ እናት ፎቶ ሊያዩ መጡ። ከልጃቸው ጋር ጎኔ ተቀመጡ። ስክሪኑን ትኩር ብለው አይተው “ልጄ፣ ቀሚሱ ትንሽ በዛበት መሰለኝ” አሉ። አንድ ወር ፈጅቶ በእጅ የተሠራ ጥበብ ነው፣ እሳቸው ናቸው ያሠሩት። ምን ያህል ላውርደው ብዬ ስጠይቃቸው በቃል መናገር አቃታቸው። እጃቸውን ይዤ ኖቡ ላይ አደረግኩላቸው።

“ያዙሩት እማማ፣ አይሰበርም።”

መጀመሪያ ፈሩ። ከዚያ ቀስ እያሉ ወደኋላ፣ ትንሽ ወደፊት፣ እንደገና ወደኋላ። ስለ ኖቡ ረስተውታል፤ ዓይናቸው ከቀሚሱ ጫፍ አልተነቀለም። ድንገት እጃቸውን አነሱ።

“እዚህ ላይ ተይው። ይሄ ነው ቀሚሱ።”